ከኋላ ወንበር በስተቀኝ

ፍኖተ ሰላም
ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለገነነ ወልደ ዮሐንስ፣ ባለህበት በስዊድን አገር፤

ጤናህ እንደ ነሐሴ በቆሎ የለመለመ ይሁን። እኔ በቸሩ አምላክ ደኅና ነኝ፤ ወንድምህ ይታገሱም ደኅና ነው፤ ሚስቱ ያምሮትም ከሚገባው በላይ ደኅና ናት። ልጃቸው ሀኒ ቀለበት ማሰሯን ሳትሰማ አልቀረህም። ልጁ እንድሪያስ ይባላል፣ የቡሬ ልጅ ነው። መልኩ እንኳ ይህን ያህል አይደለም፤ ግን እሷን ሲያይ የጀመረውን ወሬ ይረሳል፤ ለኔ ይህ ይበቃኛል። ሠርጉ በጥር ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። ኔትወርኩ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲሄድ አይሰናበትም። ደግሞም እኔ ስልክ ሳወራ ያምሮት ከአጥሩ ወዲያ ግቢ መጥረጓን ታቆማለች። ወረቀት ይሻለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የአባትህ ቮልስ አልነሳ ብላለች። አልነሳም ማለቷ በራሱ ምን ይደንቃል? በዕድሜ እኩያዬ ናት፤ እኔም ጠዋት ጠዋት በአንድ ጊዜ አልነሳም። የሚደንቀው ሌላ ነው። እምቢ የምትለው እኔ የተሳፈርኩ ቀን ነው!

ሐምሌ ላይ አክስታችንን እትዬ አደይን ልንጠይቅ ወደ ቡሬ ስንሄድ ይታገሱ ማንኩሳ ላይ ድንች ሊገዛ ቆመ። ተመልሶ ቁልፉን ቢያዞር ዝም። ያገሬው ሰው ገፍቶ አስነሳልን። ይሁን፣ ያጋጥማል አልን። ከዚያ ደምበጫ ለቅሶ ሄድን፤ ስንመለስ አሁንም ዝም። ለቀስተኛው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲገፋ ብታየው፣ ሟቹ ራሱ ተነስቶ ያግዛቸው ይመስል ነበር። ሦስተኛው ግን የቀለበቱ ዕለት ነው፤ ቡሬ፣ አማቾቻችን በር ላይ። ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ተመራርቀን ገባን። አማቾቹ ሊሸኙን ወጥተው ቆመዋል። ይታገሱ ቁልፉን አዞረ። ምንም። እንደገና አዞረ። ምንም።

ያምሮት ከፊት ወንበር ዞር አለችና፣ ለባሏ የምትናገር መስላ እኔ እንድሰማ፣ "እስቲ ሠርኬ ትውረድና ሞክራት" አለችው።

ወረድኩ። ምን ላድርግ? ሰው ፊት ነው። እኔ ወርጄ፣ አማቾቻችን ውኃ ጠጪ ብለውኝ፣ ጠጥቼ ብርጭቆውን ስመልስ ጥቂት ገፋ አደረጓት፤ ተነሳች።

"አላልኩህም? ገዷ ነው" አለችው።

ገነነ፣ ይህን ቃል አማቾቻችን ሰሙት። በሳምንቱ ደግሞ ሀኒ ከአባቷ ቤት በአያቷ መኪና ካልሆነ አልወጣም ስትል፣ ያምሮት "መልካም፤ ሠርክአዲስ ግን ከድስቶቹ ጋር በአይሱዙ ትምጣ" ብላ ፈረደች። እኔ! ክርስትና ያነሳኋት! እናቷ ስትታመም ያሳደግኋት! ከድስቶቹ ጋር! አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ያቺን ልጅ አጠገቧ ተቀምጬ ካልሸኘሁ ምኑን ሰው ሆንኩት?

መካኒኩ ባንተአምላክ ሞተሪኖዋ አርጅቷል ይላል፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ማለቱ ነው። እዚያ ከተገኘ በሚመጣ ሰው ላክልን። አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ከሥሯ ያልወጣህ ስለሆንክ የምታውቀውን ጻፍልኝ።

ያገሩ ብርድ ትከሻህን አይንካው።
እህትህ ሠርክአዲስ


ጎተንበርግ
መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእታለም ሠርክአዲስ፤

አዲሱ ዓመት ለቤትሽና ለበርበሬሽ ገበያ የፍስሐ ይሁን። ለሀኒ በጣም ደስ ብሎኛል። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ስጠብቅ አንብቤው፣ ለቀስተኞቹ ላይ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች ራቅ ብለውኝ ቆሙ።

ሞተሪኖውን ከመላኬ በፊት በሽታዋን እንወቅ። ደኅናውን ዕቃ እያወጣን ሌላ ደኅና ዕቃ ብንተካ ምን እናተርፋለን? ይታገሱ ቁልፉን ሲያዞር ምን እንደሚሰማ ጆሮሽን ሰጥተሽ አድምጪልኝ። ሞተሩ እየተንገራገረ ግን የማይያዝ ከሆነ ጣጣው ከቤንዚኑ ወይም ከእሳቱ ነው፤ ካርቡራተሩ ይጸዳ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው ይታዩ። ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ከደከመ ወይም ከጠፋ ኃይሏ ሌላ ቦታ እያለቀ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ሞተሪኖውን አትውቀሱት። መብራቱ ደምቆ እያለ ዝም ካለች ባንተአምላክ ልክ ነው። ክላክሱንም ሞክሩት።

መኪና ሰው አትለይም፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ቢሆንም ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ለጥቂት ጊዜ ባትሳፈሪባትስ? ከያምሮት ጋር ነገር እንዳይከርር ብዬ ነው እንጂ ሌላ አሳብ የለኝም።

አክባሪ ወንድምሽ
ገነነ


ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገነነ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ ዛሬ ግን ቆጠብ ያለ ነው፣ ምክንያቱን ታውቀዋለህ።

"ባትሳፈሪባትስ?" አልክ። ይህችን አንዲት መስመር አጥሩን አሻግሬ ለያምሮት ባነብላት እስክስታ ትወርድ ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ መኪና ሰው አትለይም ብለህ በጻፍክበት እጅህ ዞር ብለህ "አንቺ ግን ውረጂ" ትላለህ? ነገር እንዳይከርር! የከረረው እኮ የኔ አንገት ላይ ነው!

የሆነውን ልንገርህና ፍረድ። ባለፈው ቅዳሜ ማልጄ ገበያ ወጣሁ። ከሽንኩርት ሻጯ ከአቻምየለሽ ዘንድ ሁለት ኪሎ ልገዛ ጎንበስ ስል፣ "እትዬ ሠርክ፣ አንድ ሰው ይግዛኝና ይመለሱ" አለችኝ። አየህ? የጠዋት መጀመሪያ ገዥዋ እንዳልሆን ነው! ገበያዋን እንዳልዘጋባት! ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን በርበሬና ሽንኩርት ስንሸጥ፣ ልጇ ስትታመም መደቧን ስጠብቅላት! ዘወር ብዬ ቆምኩ። አንድ ወታደር መጥቶ ገዛ። ከዚያ "አሁን ይምጡ" አለችኝ። አልመጣሁም። ሳምንቱን ያለ ሽንኩርት ሠራሁ።

ሁለት ባል ቀብሬያለሁ። አንዱን ወባ ገደለው፣ አንዱን ጉበት። እነሱን ስቀብር አንድም ሰው ይህን ቃል አፉ ላይ አላመጣም፤ ወይ አምጥቶም ከኋላዬ ነው። አሁን ግን አሮጌ ቮልስ መሰከረችብኝና ቃሉ በቀን ብርሃን ወጥቶ ገበያ ዋለ።

የጠየቅከውን ግን አደርጋለሁ፤ ያስተማረኝ አባትህ ነውና ሥራ አላቋርጥም። ባንተአምላክ ካርቡራተሩን ፈቶ አጠበ። ካንዴላዎቹን አውጥቶ በብረት ብሩሽ ፋቀ፤ እሳታቸው ሰማያዊ ነው አለኝ፣ እኔም አየሁት፣ ያምራል። ባትሪው ተሞልቶ መጣ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እኔ ከአጥሬ ሥር ቆሜ አደምጣለሁ፤ አንድ ጊዜ ቁልፉ ሲዞር ትነሳለች፣ እንደ ወፍ። ይታገሱ "ዳነች" አለ።

ያምሮት ወፍጮ ቤት ስትሄድ ጠብቄ ይታገሱን "ና፣ አዙረኝ" አልኩት። እየፈራ አዞረኝ፤ እሷን ይሁን መኪናዋን የፈራው አላውቅም። በዚያ በተቆፋፈረው በኩል እስከ ቡሬ መውጫ ድረስ ሄደን አጠፋት። መብራቱን አበራ። ቁልፉን ሲያዞር መብራቱ እንደ ጧፍ ጭል ብሎ ጠፋ። ክላክሷ እንደታመመ በግ "እ" አለች። ይታገሱ ዞር ብሎ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ወንድምህ፣ ገነነ! አብሮኝ ያደገው! እሱም አመነ።

ሞተሪኖውን ተወው። ይልቅ ለይታገሱ ጻፍለት። መኪናዋ የአባታችሁ ናት፣ ግማሿ ያንተ ናት። በኔ ግማሽ ላይ ሠርክአዲስ ትቀመጥ በለው።

ሠርክአዲስ


ጎተንበርግ
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለም፤

ከእግርሽ ላይ ነኝ። ያቺን መስመር ልሰርዛት ብፈልግ አንቺ ዘንድ ናት። ከሩቅ ሆኖ ሰላም ማውረድ ቀላል መስሎኝ ነበር። የአቻምየለሽን ነገር ሳነብ ያበሰልኩትን ሳልበላ ተነሳሁ።

ለይታገሱ እጽፍለታለሁ፤ ግን "ትቀመጥ" ብሎ ማዘዝ ቃሉን አያጠፋውም። አዝዤ ተቀምጠሽ ሠርጉ ዕለት ብትቆምስ? ቃሉን የሚያጠፋው በሽታዋን አግኝተን ለሰው ሁሉ ማሳየት ነው።

የላክሽልኝ ምርመራ ግሩም ነው። መብራቱ መጥፋቱ ብዙ ነገር ነገረኝ። ቤንዚኑም ካንዴላውም ንጹሕ ናቸው። ሞተሪኖው ደኅና ነው፣ የሚበላው አጥቶ ነው። አንቺ ስትሳፈሪ ከባትሪው ኃይሉን የሚጠጣ ነገር አለ፤ አንቺ ስትወርጂ ይተዋል፣ ባትሪውም ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ምን እንደሆነ ግን ገና አልያዝኩትም። አባባ ስለዚያ ወንበር አንድ ነገር አድርጎ ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

እስቲ የምጠይቅሽን ሁሉ ሳትደብቂ መልሺልኝ። የምትቀመጪው የት ነው፣ በግራ ነው በቀኝ? አብሮሽ ማን ይቀመጣል? ስትሄዱ የሸተተሽ ነገር አለ?

ደግሞም፣ እታለም፣ ተቆጥተሽ ደብዳቤውን እንዳትቀጅው፤ እኔ ስሄድ ቀጭን ነበርሽ። አሁን እንዴት ነሽ? ስለ ውበት አይደለም የምጠይቀው፤ ስለ ክብደት ነው።

አንገቱን የደፋው ወንድምሽ
ገነነ


ፍኖተ ሰላም
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለገነነ፣ ለደፋሩ፤

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፤ ዛሬ እዚህ ብትሆን ግን አሳጥረው ነበር።

እኅትህን ስንት ትመዝኚያለሽ ብለህ ባሕር ተሻግረህ ትጠይቃለህ? እሺ። ወፍሬያለሁ። ባለፈው ዓመት አቻምየለሽ ስታሾፍብኝ በርበሬ የምንመዝንበት ሚዛን ላይ ወጥቼ ነበር፤ ሚዛኑ ቁጥር ከመናገር ዝም ማለት መረጠ። ይበቃሃል? ከዚህ በላይ አልናገርም።

የምቀመጠው ከኋላ ወንበር በስተቀኝ ነው። ሁልጊዜ። አባትህ ትልቅ ሰው ሲሳፈር በሩን ከፍቶ የሚያስቀምጠው እዚያ አልነበር? እኔም ዕድሜዬ ሲደርስ እዚያ ተቀመጥኩ። በግራዬ ሀኒ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴ ዘንቢል። ሀኒን ታውቃታለህ፣ ወንበሩ እንኳ መቀመጧን አያውቅም።

ሽታ ያልከውን ግን ከመጀመሪያው አልጻፍኩልህም፤ ልጽፍልህም አልፈለግሁም ነበር። አዎ፣ ይሸታል። የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። በማንኩሳም ሸተተ፣ በደምበጫም፣ በቀለበቱ ዕለትም። እኔ ለቀለበቱ ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነበር። ያምሮት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘችና፣ "ምነው ሠርኬ፣ ለጋ ቅቤ ጠፋ?" አለችኝ። ሀኒ ሰማች። ይታገሱ ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፀጉሬን ቅቤ ነክቶት አያውቅም፤ ግን ባለፈው ከይታገሱ ጋር ስንዞርም ያው ሸተተ። እንግዲህ ከኔ ካልሆነ ከየት ነው? ለሰው እንዴት እጠይቃለሁ፣ "እባካችሁ እሸታለሁ?" ብዬ? ዝም አልኩ። አንተ ስለጠየቅከኝ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ካነበብክ በኋላ ቅደደው።

ሀኒ ትናንት መጥታ አለቀሰች። እናቷ በአይሱዙው ነገር እንደጸናች ናት። "አንቺ ካልመጣሽ በእግሬ እሄዳለሁ" አለችኝ። "የሙሽራ ጫማሽን ይዘሽ ቡሬ ድረስ?" አልኳት። በእንባዋ መካከል ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን የመጣልኝን በርበሬ ሳልፈታ ዋልኩ።

ምንም አልጠይቅህም አሁን። የገባህ ነገር ካለ ፈጥነህ ጻፍ። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው፤ ለሚመጣ ሰው ስጠው።

ሠርክአዲስ


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ሠርክአዲስ፣ ሰላም ለቤትሽ ይሁን፤

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ለመስጠት በጥድፊያ ነው። ይታገሱን በስልክ አጥቼው ሰነበትኩ። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ንገሪልኝ፤ ወንበሩ እስኪታይ ድረስ በዚያ በቀኝ በኩል ማንም ሰው እንዳይቀመጥ። መኪናዋ በእሳት ልትያያዝ ትችላለች።

የተቃጠለ ፀጉር ስትይኝ ሁሉም መጣልኝ። የቮልስ ባትሪ ከሞተሩ ጋር አይደለም ያለው፤ ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ነው፣ አንቺ ከምትቀመጪበት ሥር። ወንበሩ ውስጡ የብረት ሞላ ነው፤ በሞላው ላይ የተጎዘጎዘው የፈረስ ፀጉር ነው። ከባድ ሰው ሲቀመጥና መንገዱ ሲያንገጫግጭ ሞላው ወርዶ ባትሪውን ይነካል። ያን ጊዜ ኃይሉ በሞላው አልፎ ወደ መኪናዋ አካል ይፈስሳል፣ ሞላው ይግላል፣ ፀጉሩ ይቃጠላል። ሰውየው ሲወርድ ሞላው ይነሳል፣ መኪናዋም ትድናለች። የሸተተው አንቺ አይደለሽም፣ እታለም። ወንበሩ ነው።

ይህን እኔ አላገኘሁትም፤ አባባ ነው ያገኘው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ መሪጌታ አዛናውን ለንግሥ ወስደናቸው ነበር። ያኔ እንዴት ያሉ ወፍራም እንደነበሩ ታስታውሻለሽ። በዚያው በክብሩ ቦታ ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ቆመች፤ አልነሳም አለች። ሰዉ እልል አለ። "ቅዱሱን ስፍራ አክብራ ቆመች፣ የመሪጌታ ጸሎት ከብዷት ነው" ተባለ። አባባ ግን በማግስቱ ወንበሩን ገልብጦ የጠቆረውን ሞላ አየ። ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ፣ ከከመነዳሪ፣ አንድ ሰፊ ቁራጭ ቆርጦ በባትሪው ላይ አለበሰ። ከዚያ በኋላ ማንም ቢቀመጥ ቆማ አታውቅም። ያ ጎማ አሁን እዚያ የለም ማለት ነው። ማን አነሳው?

ወንበሩን ገልብጡት። ማስረጃውን ለሁሉም አሳዩ። ግን እለምናለሁ፣ ለማሳየት ብላችሁ ሰው አታስቀምጡበት።

ገነነ


ፍኖተ ሰላም
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፣ ለዓይኔ ብርሃን ለገነነ፤

የአባትህ ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ትረፍ፤ አንተንም ያኑርልኝ፤ ያ ደብዳቤህን የያዘው ሰው የሄደበት ሁሉ ይቅናው። የደረሰኝ በጥምቀት ዋዜማ ነው፤ ሠርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው።

ከፍቼ ሳነብ ግን መጀመሪያ ደስ አላለኝም፣ ልዋሽህ አልችልም። ተናደድኩ። እንዲህ ያለ ንዴት በዕድሜዬ ይዞኝ አያውቅም። እሳቸው ሲቀመጡ ሰገደች፣ እኔ ስቀመጥ ሞተች! ያው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ያው ሞላ! ለእሳቸው እልልታ፣ ለኔ አይሱዙ! ለመሪጌታ ጸሎት የከበደ፣ ለሠርክአዲስ ገድ የጠፋ! ደብዳቤውን ይዤ፣ ነጠላዬን እንኳ በወጉ ሳልለብስ ወጣሁ።

በይታገሱ ግቢ ዳስ ይተከላል። ሽማግሌዎቹ ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ አዛናውም አሉ። ብታያቸው አታውቃቸውም፣ ዛሬ ከመቋሚያቸው የሚተርፉት በጥምጥማቸው ብቻ ነው። ባንተአምላክም ለሠርጉ መኪናዋን ሊያይ መጥቶ ጎንበስ ብሏል። ከዚህ የተሻለ ሸንጎ ከየት አመጣለሁ? ቆሜ ደብዳቤህን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩ። ስለ ፀጉር ሽታው ያልከውንም ሳልዘል አነበብኩ።

ባንተአምላክ ወንበሩን አወጣና ገለበጠው። ሞላው ጠቁሯል። ፀጉሩ ክብ ሆኖ ነድዷል፤ እፍኝ ያህል ጎድሏል። ያምሮት እጇን አጣምራ፣ "ያረጀ ብረት ይጠቁራል፤ ይህ ምን ያሳያል?" አለች።

"ሰው አታስቀምጡ" ብለህ የለ? ሰው አላስቀመጥኩም። ባንተአምላክን ወንበሩን መልስልኝ አልኩት። ለሠርጉ ከመጣው በቆሎ ዳሱን የሚተክሉት ወንዶች አንድ ኩንታል አንስተው ከኋላ ወንበር በስተቀኝ፣ የኔ ቦታ ላይ እንዲያስቀምጡት አደረግሁ። "ወዝውዙት" አልኳቸው፣ የቡሬ መንገድ እንደሚወዘውዘኝ። ወዘወዙት። ይታገሱ ቁልፉን አዞረ።

ዝም።

ከዚያ ጭስ ሽው አለ፣ ያ የተቃጠለ ፀጉር ሽታም ዳሱን ሞላው፤ ባንተአምላክ ተንደርድሮ ጆንያውን ጎትቶ አወረደው። እኔ ወደ ያምሮት ዞርኩ።

"እንግዲህ ይህም በቆሎ ገደ ቢስ ነው" አልኳት። "ፀጉሩንም ቅቤ ተቀብቷል። ከድስቶቹ ጋር በአይሱዙ ይሂድ!"

መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ናቸው። ሲስቁ ሳል ያዛቸው፣ ውኃ ተሰጣቸው፣ ጠጡና፣ "ልጆቼ፣ ይህን ያህል ዘመን እኔ በጸሎቴ የከበድኩ መስሎኝ! ስጋዬ ኖሯል" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው መቋሚያቸውን አነሱ። "ወይዘሮ ሠርክአዲስን ገደ ቢስ የሚል ቢኖር ከሷ በፊት እኔን ይበል። ቀድሜያት ተቀምጫለሁ።" ገነነ፣ ስንት ዓመት ቅዳሴ ስሰማ ኖሬ እንደዚያን ቀን ቃል ልቤ ላይ ወርዶ አያውቅም።

ጎማውስ? ማን አነሳው አልክ። ይታገሱ ጭንቅላቱን እያከከ፣ "ያ ጥቁሩ ሰፊ ጎማ… የዶሮ ቤቱ በር ላይ የተንጠለጠለው አይደለም እንዴ?" አለ። ሁላችንም ወደ ዶሮ ቤቱ ዞርን። እዚያው በር ላይ ተጋርዷል፤ አንዲት ዶሮ ከሥሩ አንገቷን አውጥታ ታየናለች። ያምሮት ባለፈው ፋሲካ መኪናዋን ስታጥብ ከወንበሩ ሥር አግኝታው፣ ቆሻሻ መስሏት አውጥታ ለዶሮዎቿ መጋረጃ አድርጋው ኖሯል። ቃል አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ይህን እንኳ መዝግብልኝ፤ ዝም ያልኩበት ቀን ብዙ አይደለም።

ይቅርታ ብላኛለች ብዬ አልዋሽህም፤ አላለችኝም። የሠርጉ ዕለት ግን ማልጄ ስገባ ያ ጎማ በሳሙና ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ራሷ አወረደችው፣ ራሷ ወንበሩን አንስታ በባትሪው ላይ አለበሰችው፣ በአራቱም ጎን ጎትታ አስተካከለችው። ከዚያ በሩን ከፍታ፣ "ሠርኬ፣ አንቺ ከፊት ሁኚ፣ ይመችሻል" አለችኝ።

አየሁት ያን የፊት ወንበር። ይመቻል። ግን እኔ በዚያ ቦታ ተሰድቤ ወርጄ ከሌላ ቦታ ልሳፈር? "ቦታዬ ይበቃኛል" አልኳትና የፊቱን ወንበር ወደ ፊት አጥፌ የኋላውን መግቢያ ከፈትኩ። ሀኒ በነጭ ልብሷ በግራዬ ገባች፣ እጄን ያዘች። ፀጉሬን ቅቤ ተቀብቼ ነበር፤ ለጋ ቅቤ፣ ከሽንዲ ያስመጣሁት። ሙሉ ክብደቴን ቀስ አድርጌ ሳይሆን ዘፍ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ይታገሱ በመስታወቱ አየኝና ቁልፉን አዞረ። በአንድ ጊዜ ተነሳች።

በዚያ በተቆፋፈረው መንገድ ሁሉ ዘፈንን። ማንኩሳ ላይ "አቁም" አልኩት ይታገሱን። "ምነው?" አለ ደንግጦ። "ድንች ግዛ" አልኩት። በሠርግ መካከል! ሠርገኛው ሁሉ ከኋላችን ቆመ፣ አይሱዙውም ከነድስቶቹ። ሞተሩን አስጠፋሁት። ድንቹ ተገዛ። ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ቡሬ ድረስ በየትኛውም ቦታ መቆም አላስፈለገኝም። አማቾቻችን በር ላይ፣ ያንኑ ቃል በሰሙበት በር ላይ፣ ራሴ በሩን ከፍቼ ልጄን አወረድኩ።

አቻምየለሽ ቅዳሜ ከሁሉ በፊት ጠራችኝ። "እትዬ ሠርክ፣ ዛሬ እርስዎ ይጀምሩልኝ" አለች። ጀመርኩላት። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት፣ ትልልቁን እኔው መርጬ።

የያምሮት ዶሮ ቤት በር ባዶ ቀርቷል። ዶሮዎቿ በአጥሩ ሥር እየሾለኩ ያሰጣሁት በርበሬ ላይ ይመላለሳሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጩኸቴ እስከ ደምበጫ ይሰማ ነበር። አሁን ግን ለባንተአምላክ ሌላ የውስጥ ጎማ እንዲፈልግልኝ ነግሬዋለሁ፣ በሯን የሚያክል ሰፋ ያለ። እስከዚያው እሽ እላቸዋለሁ፣ ቀስ ብዬ።

ፈጣሪ ለአገርህ መሬት በጤና ያብቃህ፤ ስትመጣ ከኔ አጠገብ በግራ ትቀመጣለህ።

እህትህ
ሠርክአዲስ